የደሪቱ ወገን

"ቀስ! ሆዱን ደግፊው እንጂ" አሉ አቶ ደቻሳ።

ልጃቸው ጋዲሴና የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ሰብሊ ዳማን ተሸክመው ጠረጴዛው ላይ ሲያወጡት ሁለቱም አለከለኩ። ውሻው ከእነሱ ብሶ ያለከልካል። ከቦሌ ቡልቡላ ይዘውት ሲመጡ የታክሲው ሹፌር፣ "አባባ፣ ውሻ ነው ወይስ ለበዓል የቀለቡት ሙክት?" ብሎ ቀልዶ ነበር። አቶ ደቻሳ አልሳቁም።

ሐኪሟ ውሻውን በጎኑ አስተኝታ እግሮቹን በአልኮል አረጠበችና ሽቦ የተያያዘባቸውን መቆንጠጫዎች አንድ በአንድ ሰካች። ዳማ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

"እንዲህ እየተንቀጠቀጠ የልቡን ምት መለካት አልችልም። እስቲ ያረጋጉልኝ፣ አባባ።"

አቶ ደቻሳ ጎንበስ ብለው ጆሮው ሥር "ጀባዱ፣ ዳማ፣ ጀባዱ" አሉት። በርታ ማለታቸው ነው። ሟች ሚስታቸው ደሪቱ ከቡችላነቱ ጀምሮ ያሳደገችው በዚህች ቃል ነበር። ውሻው ረጋ አለ፤ ማሽኑም የልቡ ምት የተሰመረበትን ወረቀት ያወጣ ጀመር። ጋዲሴ የምትሠራው አውሮፕላን ማረፊያው ጭነት ክፍል ነው፤ ስለ ልብ የምታውቀው ነገር የለም። መስመሩ አንዴ ሲቻኮል አንዴ ሲዘገይ ለማየት ግን ሐኪም መሆን አላስፈለጋትም።

"ልቡ ሰፍቷል" አለች ዶክተር ሰብሊ። "በሥርዓት መምታቱን ትቶ ዝም ብሎ ይርገበገባል። መድኃኒት እሰጠዋለሁ፤ ግን የሚድን በሽታ አይደለም። ካልከሳ ደግሞ የቀረችው ጊዜም ታጥራለች። ምንድን ነው የምትመግቡት?"

"ጠዋት ጠዋት ትንሽ ሩዝ። እሱንም ቀንሼለታለሁ" አለች ጋዲሴ።

"በእሱ ብቻማ እንዲህ አይወፍርም። ቀን ከማን ጋር ነው የሚውለው?"

ጋዲሴ ወደ አባቷ ዞረች። ሐኪሟም ዞረች። የአቶ ደቻሳ ሱሪ ወገባቸው ላይ ተሸብሽቧል፤ ቀበቶው ላይ በምስማር የተበሳ አዲስ ቀዳዳ አለ።

"አባባ፣ እርስዎስ ምግብ ይበላሉ?"

"እበላለሁ። ወገኔን እበላለሁ።"

"ወገኔን ስትል፣ አባዬ?"

"የራሴን ጎን ነዋ! የእሷን ጎን እንዴት አድርጌ ልብላው?" እጃቸውን ከውሻው ደረት ላይ አላነሱም። "ዕድሜያችንን ሙሉ ከአንድ ትሪ ስንበላ አንድ ቀን ወደ እሷ ወገን እጄን ሰድጄ አላውቅም። ታዲያ ይደፋ? ምግብ ሲደፋ አትወድም እኮ። እሱ ደግሞ የእሷ ነው።"

ጋዲሴ የዳማን የተወጠረ ሆድ አየች። ከእናቷ ሞት በኋላ አባቷ እህል አልቀምስ ብለው ነበር። አንድ ቀን ግን ከሥራ ስትመለስ ጠዋት ከድናላቸው የሄደችው ትሪ ተጠርጎ ባዶውን ቆያት። "አባዬ መብላት ጀመረ" ብላ ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቿ ሳይቀር አወራች። ከዚያ ወዲህ እንጀራውን ደርባ፣ ወጡንም ቅቤ ጨምራ ማስቀመጥ ጀመረች። ያ ሁሉ ቅቤ የት ሲገባ እንደከረመ አሁን ወረቀቱ ላይ አየችው።

ቤት ሲደርሱ ምሳ ሰዓት አልፎ ነበር። ጋዲሴ በእረፍቷ ቀን እንኳ መኝታ ቤቷ ገብታ ስልኳን እያየች ነበር የምትበላው። ዛሬም እንደ ልማዷ ለአባቷ ትሪውን አቀረበች። አቶ ደቻሳ በወገናቸው ተቀመጡ፤ ዳማ እያለከለከ መጥቶ ከማዶ፣ የደሪቱ ቦታ ላይ ተጋደመ።

ጋዲሴ በሩ ጋ ቆማ አየቻቸው። ትሪውን ልታነሳ፣ ውሻውን ውጭ ልታስር ትችል ነበር። እጇን ታጥባ ተመለሰች። ዳማን በቀስታ ገፋ አድርጋ እናቷ ቦታ ላይ ተቀመጠችና ከፊቷ ቆርሳ ጎረሰች።

"ጋዲሴ፣ ያ ጎን እኮ..." አሉ አባቷ።

"አውቃለሁ፣ አባዬ።"

አቶ ደቻሳ የጠቀለሉት ጉርሻ እጃቸው ላይ ነበር። ዳማ አንገቱን አስግጎ ጠበቀ። እጃቸው አየር ላይ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞረ።

ጋዲሴ አፏን ከፈተች።