የኢሜይል ስም አውጪ

በምትሠራበት የሊፍት ጥገና መሥሪያ ቤት «ስም አውጪ» ይሏታል። ምን ታድርግ! ደንበኛ ተብዬው ሁሉ የኢሜይሉን ርዕስ «ሰላም» ወይም «አስቸኳይ» እያለ ይልካል። አንዱማ ድሮ «መልካም እረፍት» ተብሎ በተላከለት ኢሜይል ላይ መልሶ፣ ሰው ሊፍት ውስጥ ተቀርቅሯል ይላል። ኧረ በሞቴ! ስለዚህ የገባውን ሁሉ እየከፈተች፣ የላኪውን ርዕስ አጥፍታ የራሷን ትጽፍበታለች፦ «ሦስተኛ ፎቅ፣ በሩ አይዘጋም»፣ «አዲሱ ሕንፃ፣ ገመድ፣ ዛሬ»። ያኔ የተፈለገው ቶሎ ይገኛል። የሰው ጣጣ ስትሰይም ውላ ቤቷ የምትገባው ግን ጉልበቷ ተሟጦ ነው።

ወንድሟም የሚጽፍላት እዚያው የመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል ላይ ነው፤ ስልኩን ስለማታነሣለት። አልጋ የያዘች እናታቸውን ብቻውን የሚያስታምመው እሱ ነው። ሲያነሣት ሲያስተኛት ቡአ ወጣበትና ሐኪሙ ቶሎ ኦፕራሲዮን ይደረግልህ አለው። የሚለምናት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ እስኪድን ድረስ እናታቸውን እንድትይዝለት። ርዕሱን «እባክሽ እህቴ» ብሎት ነበር። እሷ ደክሟት፣ እንደ ልማዷ አጥፍታ «ወንድሜ፣ ንዝንዝ፣ ይቆይ» አለችውና አለፈችው።

አንድ ረፋድ ላይ ግን ሆዷ አልችል አለ። ደግማ ከፍታ አነበበችው፤ «እሺ ወንድሜ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ» ብላም መለሰች። ቀለል አላት። ከዚያ የላከችውን መልሳ ብታይ ክው አለች። ያወጣችው ስም ከነመልሱ ሄዷል፦ «መልስ፦ ወንድሜ፣ ንዝንዝ፣ ይቆይ»። ለደንበኞቹ ስትመልስ እሷ የጻፈችው ርዕስ አብሮ እንደሚሄድ ስንት ዓመት ታውቀዋለች እኮ! አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ደወለች። ወዲያው አነሣ።

«አየኸው?»

«አየሁት።» አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻላት ነበር። «እውነትሽን ነው፣ ነዝናዛ ሆኛለሁ። በቃ ተይው፣ አትምጪ። የኦፕራሲዮኑን ቀጠሮ ሰርዣለሁ።»

«አፈር ስሆን፣ እንዲህ አትበለኝ!»

«አልተቀየምኩሽም። ደክሞኝ ነው።» ዘጋው።

ቅዳሜን አልጠበቀችም። አለቃዋ «ይሄን ሁሉ ኢሜይል ለማን ጥለሽ?» ቢላት «ያለ ስሙ ይክረም!» ብላው ወጣች። እቤቷ ገብታ ትልቁን ሻንጣዋን ሞላችና ወንድሟ በር ላይ ደረሰች። አንድ እጁን ብሽሽቱ ላይ ጭኖ ከፈተላት። ከስቷል፤ ጢሙን ከተላጨ ሰንብቷል።

«ማነው?» አለች እናታቸው ከውስጥ።

«ልጅሽ ናት። ልትጠይቅሽ መጥታ ነው፤ አሁን ትሄዳለች።»

«አልሄድም እማዬ፣ እዚሁ ነኝ።»

«እሱንስ ባለፈውም ብለሽ ነበር» አለች እናቷ፣ ያለ ቁጣ።

እሷም ሻንጣዋን እየጎተተች አልጋው አጠገብ ወስዳ ከፈተችና ልብሷን ቁምሳጥኑ ውስጥ መደርደር ጀመረች። ቀሚስ፣ ሹራብ፣ የቤት ጫማ፣ ደግሞ ሌላ ሹራብ። ወንድሟ በሩን ተደግፎ ልብሱ ሲደረደር አየ። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠና «ለሐኪሙ ልደውል?» ሊላት አፉን ሲከፍት እንባው ቀደመው።