የአበረ ፍሬን

ፔዳሉ ዛሬም እንደ ትናንቱ ወለል ድረስ ሰመጠ። መካኒኩ አስማረ ጋራዡ ውስጥ ከአሮጊት መኪናው ሥር ተጋድሞ «ርገጪ… ልቀቂ» ሲል ውሎ ድምፁ ሰልሏል። ፔዳሉን የምትረግጥለት የወንድሙ ሚስት ሽታዬ ናት፤ የሐዘን ጥቁሯን እንደ ለበሰች መሪው ላይ ተቀምጣለች።

«ያዘ?» ትለዋለች።

«አልያዘም።»

እንዲህ ባላት ቁጥር ረጅም ትንፋሽ ትተነፍሳለች። ደክሟት ነው ብሎ አለፈው። ማን ያልደከመው አለ።

ጊዜው አሥራ ዘጠኝ መቶ ስድሳ ዓመተ ምሕረት ነው። የአስማረ ታናሽ ወንድም አበረ ከደብረ ማርቆስ ሲመለስ፣ ጥሊሊን አልፎ እንጅባራ ሳይደርስ መኪናው ከኩርባው ወደ ገደል ወርዳ ተገለበጠች፤ እሱም ሞተ። ከመንገዱ በፊት የፍሬኗን ሸራ የቀየረለት አስማረ ነበር። ዳንግላ ውስጥ ፊት ለፊት የተናገረው የለም፤ ግን አገር ዝም ሲል ምን እያለ እንደሆነ አስማረ ይገባዋል። ራሱም ለራሱ የሚለው ያንኑ ነው።

የአበረ መኪና አዲስ ሥሪት ስለነበረች የፊት ፍሬኗ ዲስክ ነው። የአስማረ አሮጊት መኪና ግን በታምቡር ነው የምትቆመው። እናም አርባው ከወጣ በኋላ ወደ ገደሉ ወረደ፤ ዲስኮቹን፣ ነክሰው ከሚያቆሟቸው መንጋጋዎችና እሱ ከቀየረው ሸራ ጋር ፈትቶ በፈረስ ጭኖ አመጣና በገዛ መኪናው ላይ ገጠማቸው። ከያዙ ወንድሙን አልገደለም። ካልያዙ ገድሏል። ልቡ ከዚህ ሌላ አያስብም።

«የሞተ ሰው ብረት አይሆንህም» ይለዋል ባለ ጋሪው ደጉ፣ በበሩ ባለፈ ቁጥር። «ቢያንስ ጠበል አስረጨው።»

«ጠበል ከቧንቧ አየር አያወጣም» ይላል አስማረ።

ፔዳሉን የሚያሰምጠው ቧንቧው ውስጥ የቀረ አየር መሆኑንስ ያውቃል። የሚያፈስ ነገር የለም፤ ቧንቧውን ጫፍ እስከ ጫፍ ዳስሶታል፤ የዋናውን ፖምፓ ጎሚኒ፣ ዘይቱን የሚያፍነውን ጎማ፣ ቀይሯል፤ የኋላውን ታምቡር አጥብቋል። ከአየር ማስወጫው ቡሎን ግን ዘይት ብቻ ይንጠባጠባል፤ አየሩ አልወጣም ብሏል። ወገቡ ተቆርጧል፤ እጁም ፍሬን ዘይት፣ ፍሬን ዘይት እየሸተተ እህል አላስበላው ብሏል።

ሽታዬ ገበያ በሄደች ቀን፣ የዘይቱን ጠርሙስ ደፍቶ ሲቀዳ፣ አረፋው ወደ ላይ ወደ ጠርሙሱ ቂጥ ሲወጣ አየ። ቁጭ አለ። አየር የሚሸሸው ወደ ላይ ነው፤ እሱ የገጠማቸው መንጋጋዎች ማስወጫ ደግሞ ከታች ነው። ከታች ያደረገው ገደሉ ውስጥ ሲፈታቸው ከታች ስላያቸው ነበር። ገደሉ ውስጥ ግን መኪናዋ በጣሪያዋ ተደፍታ ነው የነበረችው። ላዩ ታች፣ ቀኙ ግራ ሆኖ ሳለ፣ እሱ በእንባ በተሞላ ዓይኑ የግራውን «ቀኝ» ብሎ ምልክት አድርጎበታል። ፀጉሩ እስኪሸብት መፍቻ የጨበጠ ሰው እንዲህ ሲሳሳት፣ ሐዘን እንጂ ሌላ ምን ይባላል።

መንጋጋዎቹን አቀያየራቸው። ደጉን ለምኖ አስረገጠው። አየሩ እየተንጣጣ ወጣ፣ ፔዳሉም ጠጠረ። ወደ ወንዙ በሚወስደው ቁልቁለት ነድቷት ሲረግጠው መኪናዋ እንደ ተተከለች ቀጥ አለች። አስማረ መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። አልገደልሁትም አለ። ያ ሁሉ ድካም በአንዴ ከትከሻው ወረደለት።

ጋራዡ ተመልሶ እጁን ሲታጠብ፣ ሽታዬ ዘንቢሏን ይዛ ከገበያ መጣች። ደጉ ገና አልሄደም ነበር።

«ዛሬም አልያዘም አይደል፣ ጋሼ?» አለች። መልሱን ሳትጠብቅ ደፍ ላይ ተቀመጠች። «እርስዎን ከምደብቅዎ ልንገርዎ። ሳይዝ በቀረ ቁጥር እፎይ እላለሁ። ፍሬኑ ካልሆነ የገደለው እንቅልፍ ነዋ። የሚካኤል ማኅበር ተራችን ነበር፤ ጠላው ተጠምቆ፣ ሰው ተጠርቶ። እንዳታዋርደኝ፣ ሌሊቱንም ነድተህ ድረስ ብዬ የላክሁበት እኔ ነኝ። ዓይኑን ሳይከድን ነው የተነሣው አሉ። ፍሬኑ ነው እያልሁ ነው የምተኛው።»

ደጉ አፉን ሊከፍት ሲል አስማረ በዓይኑ ከለከለው። ደጉ ወጥቶ ወደ ፈረሱ ሄደ።

አስማረ እጁን ቀስ ብሎ በጨርቅ አደረቀ። የዚችን ሴት ቀሪ ዕድሜ አሰበ፤ የራሱንም አሰበ። የራሱ አጭር መሰለው።

«አልያዘም» አላት። «ፍሬኑ ነው። አበላሽቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ።»

ሽታዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ብዙ አለቀሰች። ስትጨርስ ተነሥታ ጉልበቱን ሳመችው።

«እግዜር ይቅር ይበልዎ፣ ጋሼ። እኔስ ይቅር ብያለሁ።»

«አሜን» አለ አስማረ። እሷ ስትሄድ ክሪኩን ጎትቶ አመጣና ደህናውን ፍሬን መፍታት ጀመረ።