ቀዝቃዛው ራዲያተር

ወይዘሮ አሰጋሽ ቡራዩ ጋራዥ ውስጥ እጃቸውን ወደ ሹፌራቸው ዘርግተው ቆሙ። «ቁልፉን አምጣ! ሱሉልታ ዳገት ላይ ሞተሬን አፍልተህ ሁለተኛ አትነዳልኝም።»

«ዳገት ላይ ማርሽ የማይቀንስ ሹፌር!» አለ መካኒኩ መልከጼዴቅ እየሳቀ። ባለፈው ሳምንት አንድ ወንበር እንዲጨመር የወይዘሮዋን ሚኒባስ ማሞቂያ ያወጣው እሱ ነበር።

ሹፌሩ ውብአየሁ ወደ ሚኒባሱ ገባ። ሞተሩን አስነስቶ ጠበቀ። ሞተሩ መንተክተክ ሲጀምር አጠፋውና «እትዬ፣ ራዲያተሩን ይንኩት» አላቸው።

በጣታቸው ጫፍ ነኩት፤ ቀጥለው መዳፋቸውን ለጠፉበት። «ይሄማ ቀዝቃዛ ነው!»

«ውሃው እዚህ አልደረሰማ።» ወደ ማሞቂያው ይሄዱ የነበሩትን ሁለት ቱቦዎች አሳያቸው፤ በየአፋቸው ብሎን ተወትፎባቸዋል። «በዚህ ሞተር የራዲያተሩን መግቢያ የሚያስከፍተው በነዚህ የሚዞረው የሞቀ ውሃ ነው። ሁለቱን እርስ በርስ አገናኛቸው ብዬ መካኒኩን ብነግረው ሳቀብኝ።»

መልከጼዴቅ መፍቻ የሚፈልግ መስሎ ዞረ።

«ለኔስ ለምን አልነገርከኝም?»

«ነግሬዎት ነበር። ‹አንተ ደግሞ መካኒክ ሆንክ?› አሉኝ።»

ወይዘሮ አሰጋሽ እጃቸውን ከራዲያተሩ ላይ ሰበሰቡ፤ ይቅርታ ግን ከአፋቸው አልወጣም። «በል፣ ሲሠራ ትነዳለህ» አሉት።

ውብአየሁ ቁልፉን ነቀለና በአዲሱ ወንበር ላይ አስቀምጦላቸው ሄደ።