የቀይዋ መስመር መመለስ

ከዚህ በታች ከምጽፈው አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ ምላሴ ይቆረጥ። የመሥሪያ ቤታችን ሰዎች «አጉሊ መነጽር» የሚሉኝ በቅናት ነው።

እኔ የኮከብ መመልከቻው ቴክኒሻን ነኝ። አራት ጎረምሳ የሚያቃትተውን የዛገ ጣሪያ በአንድ እጄ ገፍቼ የምከፍት ሰው ነኝ። አለቃዬ፣ የኮከብ ተመራማሪው ዶክተር፣ ደግሞ ሃያ ዓመት ሙሉ ሁለት ኮከቦችን ብቻ ሲያዩ ኖሩ። አንደኛው ትንሽ ነው፣ ግን ሆዳም፤ ትልቁን ጎረቤቱን ይበላዋል። የሚበላው ጋዝ በትንሹ ዙሪያ እየተሽከረከረ ይግላል፤ በውስጡ ያለው ሃይድሮጂንም ቀይ ብርሃን ይሰጣል። ይህች ብርሃን በመሣሪያችን አልፋ ወረቀት ላይ ስትወጣ «መስመሯ» እንላታለን። ስለ ቅርጿ ዶክተሩ ስንቴ አስረድተውኛል፤ እኔ ግን ሳይነግሩኝም አውቀው ነበር።

ከአራት ዓመት በፊት መስመሯ ጠፋች። ኮከቡ መብላት አቆመ፤ ዶክተሩም እህል አልወርድ አላቸው። ዘንድሮ የሳንባ በሽታ ጥሏቸው ሆስፒታል ሲገቡ እጄን ያዙና፣ «መስመሯ ሳትመለስ ከሞትኩ ዕድሜዬን ለጨለማ ገበርኩ ማለት ነው» አሉኝ።

ሰማዩ ለአምስት ቀን በደመና ተደፍኖ ሰነበተ። በስድስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ ጣሪያውን ስከፍት ግን ደመናው እኔን አይቶ ገለል አለ። መስመሯ መጣች! ቀጭን፣ እንደ መርፌ ቀጥ ያለች፣ ዓይን የምትወጋ። ወረቀቷን ብብቴ ውስጥ ከትቼ የአንድ ሰዓቱን መንገድ በስምንት ደቂቃ በረርኩት። ዶክተሩ መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩአት። «ጎበዝ» አሉኝ። «ደክሞሃል፤ ሂድና ዕረፍ።» በሦስተኛው ቀን አረፉ።

ከቀብር መልስ ሳሎናቸው ውስጥ ይህንኑ ለለቀስተኛው ተረክሁ። ለአራተኛ ጊዜ ስጀምር መንገዱ ወደ አምስት ደቂቃ ወርዶ ነበር። ሲያስታምሙ የከረሙት ታላቅ እህታቸው አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። እሳቸው ካሉ ምስክር አለኝ ብዬ፣ «እትዬ፣ እርስዎም እዚያው ነበሩ፤ ይንገሯቸው እንጂ» አልኩ።

ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ መለሱልኝ።

«ልጄ፣ ያን ቀን እኮ ዝናብ ነበር። ስትገባ ከፀጉርህ ውሃ ይንጠባጠብ ነበር። ወንድሜ አንተ ከወጣህ በኋላ ነው የነገረኝ። የሚሽከረከር ጋዝ መስመሩ ሰፊ ነው አለኝ፤ ግማሹ ወደ እኛ ሲመጣ ግማሹ ስለሚሸሽ ሁለት ቀንድ ያወጣል። ያንተዋ አንድ ቀጭን ናት። መሣሪያውን የምታስተካክሉበት የሃይድሮጂን አምፖል ብርሃን ናት፤ ጣሪያው አልተከፈተም አለኝ።»

ጠጋ አሉኝና ቀጠሉ።

«'ለኔ ብሎ ነው፤ እንዳትነግሪው' ብሎኝ ነበር። ከዚያ ወረቀቱን ትራሱ ሥር አደረገና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።»