ባዩ ዝም ያለበት ዳገት

ባሌ ባዩ ሳይክል ሲነዳ ካላወራ ይሞታል። ቀልድ አይደለም፤ ባሕር ዳር የመረመረው ሐኪም ነው ያለው። ደህና፣ ሐኪሙ እንዲህ አፉን ሞልቶ አላለም። እኔ የሰማሁት ግን እንዲህ ነው።

«የልብህ አንዱ በር በደንብ አይገጥምም» አለው። «መንዳቱን አልከለክልህም፤ በልክ ከሆነ እንዲያውም ይጠቅምሃል። ልኩን ምላስህ ይነግርሃል። እየነዳህ እንደ ልብህ ማውራት ከቻልክ ንዳ። ቃል መሃል ላይ ትንፋሽ ካጠረህ ቀንስ። ማውራት ካቃተህ ውረድና ተቀመጥ።»

ባዩ ድሮ ለክለብ ይወዳደር የነበረ ሰው ነው፤ አሁን አርብ ገበያ ከተማ ውስጥ ሳይክል ይጠግናል። እኔ ከጎኑ ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ያን ቀን ከሐኪም ቤት ስንወጣ እሱ «ንዳ» የሚለውን ሰምቶ ይፍለቀለቃል። እኔ «ውረድ» የሚለውን ሰምቼ ክንዱን አልለቅ ብያለሁ።

ስለዚህ ሕግ አወጣሁ። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ይሰካል፣ ይደውልልኛል፣ ወጥቶ እስኪመለስ ያወራልኛል። እኔ ስኳርና ሳሙና እየሸጥኩ አዳምጣለሁ። ባዩ ደግሞ መቼም ወሬኛ አይደለም፤ ከተጋባን ጀምሮ ያላወራውን በአንድ ክረምት ጨረሰው። የማንን ገብስ አረም እንደዋጠው፣ የማን በሬ መንገድ ዘግቶ እንደተኛ ይነግረኛል። ወሬ ሲያልቅበት በልጅነቱ ቤተ ልሔም ገዳም የተማረውን ጸሎት ይደግማል። እኔ ጸሎቱን ሳይሆን ከሥሩ ያለውን ትንፋሽ ነው የምሰማው፤ እመቤቴ ይቅር ትበለኝ። ትንሽ ሲቆራረጥ «ቀንስ!» ብዬ ስጮህ ደንበኛው ይበረግጋል። መንገደኛው ደግሞ ብቻውን ሲያወራ እያየ «ባዩ ጨርቁን ጣለ» ብሎ አስወርቶበታል። ይበሉ፣ ምን አባታቸው! ከሞተ ባል ያበደ ባል ይሻላል።

ነገሩን ያበላሸው ፍሬው ነው፤ የድሮ የክለብ ጓደኛው። እስቴ ላይ ለቀድሞ ተወዳዳሪዎች ረጅም ውድድር ሊዘጋጅ ነው ብሎ መጣና፣ ባዩ እንዴት እንደሚለማመድ ሲሰማ በሳቅ ፈረሰ።

«ወሬ ነው ልምምድ? ላብህ ጠብ ሳይል እግርህ ከየት ይጠነክራል?»

ባዩ አብሮት ሳቀ። ፊቱ ግን ሲጠቁር አይቻለሁ። ፍሬው ከሄደ በኋላ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብዬ ብመክረው፣ «እንቁላል ውድድር ሲያሸንፍ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ።

በሳምንቱ፣ አርብ ዕለት፣ ገበያው ደርቶ ሱቋ ጢም ብላለች። ባዩ ወደ ቤተ ልሔም በሚወስደው ኮረኮንች እየሄደ በጆሮዬ ያወራልኛል። ዳገቱ ሥር ሲደርስ እንደ ልማዱ አቡነ ዘበሰማያት ጀመረ። ድምፁ ደህና ነው። የጸሎቱ ግማሽ ላይ ሳይደርስ መስመሩ ተቋረጠ።

ኔትወርክ ነው አልኩ። መልሼ ደወልኩ። ያቺ የስልኳ ሴትዮ ተዘግቷል አለችኝ። ደገምኩ፤ ተዘግቷል። እዚያ ዳገት ላይ ኔትወርክ ጠፍቶ አያውቅም። ስኳሩ ከሚዛኑ ላይ ፈሰሰብኝ። «ሱቋን ጠብቁልኝ» ብዬ ለደንበኞቹ ጥዬላቸው፣ ስልኬን ደረቴ ውስጥ ወትፌ፣ ለጥገና ከገቡት ሳይክሎች አንዱን ጎትቼ ወጣሁ። ኮርቻው ለረጅም ሰው ነው፣ ማርሹ አይቀየርም። ቀሚሴን ሰብስቤ ረገጥኩት። የፈሩት ይደርሳል የሚሉት ነገር ከራሴ አልወጣ አለ።

ዳገቱ ሥር ልደርስ ስል አህያቸውን እየነዱ ወደ ገበያ የሚመጡ ሽማግሌ አገኘሁ።

«አባቴ፣ ባለ ሳይክል አላዩም?»

«ያ ብቻውን የሚያወራው?»

«አዎ! እሱ!»

«ዳገቱ ላይ አይቼዋለሁ። ዛሬስ ድኗል መሰል፣ ዝም ብሎ ነው ያለፈኝ። እንዴት አድርጎ ይበር መሰለሽ የኔ ልጅ! እግዜር ጤናውን ይጨምርለት» ብለው መረቁልኝ።

አሜን ሳልል ፔዳሉን ረገጥኩት። ዝም ብሎ፣ እየበረረ! የገባኝ ያኔ ነው። ኔትወርክም ባትሪም አይደለም፤ ሲያለከልክ እንዳልሰማው ስልኩን ራሱ ነው የዘጋው። ደህና ሆኖ ካገኘሁት እገለዋለሁ አልኩ። ወዲያው ደግሞ፣ እመቤቴ፣ አልገለውም፣ ብቻ ደህና ይሁን አልኩ። ከዚያ ዳገቱ መጣ፤ ምንም ማለት አቃተኝ።

እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። ልቤ ጆሮዬ ውስጥ ይደልቃል፣ ዐይኔ ይጨልምብኛል። ከየመታጠፊያው ኋላ የማየውን እየፈራሁ ስዞር፣ መንገዱ ባዶ ነው። የመጨረሻው ላይ ሳይክሉን አየሁት። በጎኑ ወድቋል።

ባዩ ድንጋይ ተደግፎ ተቀምጧል፤ እጁ ደረቱ ላይ ነው። ፊቱ አመድ መስሏል፣ ግን ዐይኑ ይንቀሳቀሳል። ሳይክሉ ከሥሬ አመለጠና እግሩ ሥር ተዘረርኩ።

«አማረች!» አለ፣ ቀስ ብሎ። «ልቤ ዘለለብኝ። ፈራሁ። ወርጄ ተቀመጥኩ። ልደውልልሽ ነበር፤ ግን ቃል አልወጣ አለኝ። እንደዚያ ሆኜ ብትሰሚኝ ትሞቺብኛለሽ ብዬ፣ ማውራት እስክችል ጠበቅሁ። በድዬሻለሁ። ስደቢኝ።»

ልሰድበው ነበር። መንገድ ሙሉ ያጠራቀምኩት፣ ያውም ምርጥ ምርጥ ስድብ ነበረኝ። አፌን ከፈትኩ። ምንም የለም። ትንፋሽ ብቻ ይገባል ይወጣል።

«ስደቢኝ እንጂ! አማረች?»

ራሴን ነቀነቅሁ። ዐይኑ ፈጠጠ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ሱቄ ውስጥ ታቅፌው የምውለው የራሴ ፍርሃት ነው። ጆሮውን አፌ ላይ አስጠጋ፣ ትንፋሼን ሊሰማ። «አንድ ቃል በይ፣ በማርያም። ስሜን ጥሪ። የፈለግሽውን በይኝ» ይላል፤ እንባው አንገቴ ላይ ይንጠባጠባል።

ብዙ ቆይቶ ትንፋሼ ተመለሰልኝ። የወጣው ግን ከዚያ ሁሉ ስድብ አንዱም አልነበረም።

«ዝም… አትበለኝ።»

ባዩ ስልኩን ከኪሱ አወጣና ከፈተው። አጠገቤ ተቀምጦ ደወለ። ደረቴ ውስጥ ያለው ስልኬ ጮኸ፤ አነሳሁት። ሳይክሎቹን እየገፋን፣ እሱ ከፊት እያወራ እኔ ከኋላ እየሰማሁ፣ እስከ አርብ ገበያ እንደዚያው ወረድን።