የጋሽ ደርቤ ጋዜጣ

አረጋሽ ነኝ፤ ደባርቅ መናኸሪያው በር ላይ ሱቅ አለኝ። ምላሰኛ ነች ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው።

ጋሽ ደርቤ የባሕር ኃይል መኮንን ነበሩ። በሰማንያ ሁለት ምጽዋ ስትያዝ ከሚስታቸውና ከሕፃን ልጃቸው ከኤልሳቤጥ ተለያዩ። ሲለያዩ ሚስታቸውን፣ ከተጠፋፋን በጋዜጣ ፈልጊኝ፣ አንድም እትም አያልፈኝም ብለዋት ነበር። ይኸው ከሠላሳ ዓመት በላይ የጋዜጣ ደንበኛ ናቸው። ጋዜጣው ሮብ ሮብ በጎንደር አውቶቡስ ይመጣል፣ እኔ እቀበላለሁ። ዜናውን ንክች አያደርጉም፤ የሚፈልጉት የማስታወቂያውን ገጽ ነው። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ የማነብላቸው እኔ ነኝ።

ዘንድሮ በኅዳር መንገዱ ሲዘጋ ጋዜጣው ቀረ። እሳቸው ግን በየሮቡ በረንዳዬ ላይ ቁጭ ይላሉ። አልመጣም ስላቸው ፊታቸው ሲጠቁር አንጀቴ አልችል አለ። አንድ ሮብ የካቻምናውን ጋዜጣ አንስቼ የዛሬ ነው ብዬ አነበብኩላቸው። በዚያው ቀጠልኩበት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የኔው እያደር ከበደ።

በመጋቢት መንገዱ ሲከፈት የአራት ወሩ ጋዜጣ በአንድ እስር መጣ። ይህን ባሳያቸው፣ እስከ ዛሬ ያነበብሽልኝ ምን ነበር ሊሉኝ ነው። ፋሲካም ደርሷል፣ የሱቄ ግድግዳ ጭቃው ይረግፋል። የዱቄት ሙጫ በጠበጥኩና አንዱንም ሳልገልጥ ለጠፍኩት። እኔ አፈር ልብላ!

በነሐሴ ዝናብ ገብቶ የአንዱ ጥግ ተነሣ። መልሼ ስጫነው ስማቸውን አየሁ። የጥር እትም ነው። «አባቴን ሌተናንት ደርቤ አለነን እፈልጋለሁ። እስከ ግንቦት አዲስ አበባ ነኝ። ኤልሳቤጥ ደርቤ።»

ከሥሩ ባለው ስልክ ደወልኩ። ልጅቷ ያረፈችበት ቤት ባለቤት፣ የሺወርቅ የምትባል፣ አነሳች። ኤልሳቤጥ አራት ወር ሙሉ ከስልኩ ሥር አልተነሳችም አለችኝ። እናቷ ስትሞት፣ አባትሽ አንድ እትም አያልፈውም ብላት ነበርና፣ መልስ ሲጠፋ ሞቷል ብላ አልቅሳ፣ ተዝካር አውጥታ ሄደች። አድራሻ አልተወችም።

በሮቡ ጋሽ ደርቤ መጡ። መዋሸት አቃተኝ። እጃቸውን ይዤ አስገባሁና ከግድግዳው ላይ አነበብኩላቸው፤ የሺወርቅ ያለችኝንም አንድ ሳላስቀር ነገርኳቸው። ወረቀቱን በመዳፋቸው ዳበሱት። የእትሙን ቀን ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው።

«ሮብ ነበር» አሉ። «እዚሁ ነበርኩ። ያን ለታ ምን ነበር ያነበብሽልኝ?»