ኩፍኝ የወጣባት መኪናችን

እኔ እኮ እስከ ዛሬ አክስቴን አላውቃትም ነበር ማለት ነው! የእናቴ ታናሽ እህት ናት፣ ላቫጆ ነው የምትሠራው፤ ቦቲ ጫማዋንና የሳሙና ሽታዋን አውቃለሁ። እጇ ምን እንደሚችል ግን? በፍጹም! ልቤ ገና አልተረጋጋም፣ ሳይበርድልኝ ልንገራችሁ።

ከጥፋቴ ልጀምር። ጠዋት ከጓደኞቼ ጋር የዳንስ ቪዲዮ ልንቀርጽ አሰብንና ከኋላችን የሚሰቀል ግራጫ ጨርቅ አጣን። የእናቴ መኪና ልብስ ደግሞ ግራጫ ነው። በቃ፣ መኪናዋን ገፈፍኳትና ልብሷን ይዤ ወጣሁ። አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ማልዶ ለብሳ አይቷት ስለነበር ዞር ብሎ እንኳን ሳያያት ኮምፕሬሰሩን አስነስቶ የግቢውን በር ቡኒ ቀለም ይነፋ ጀመር። ንፋሱ ደግሞ ቀጥታ ወደ እሷ! አጎቴን ቤት ውስጥ ችኩሌ ነው የምንለው፤ ለምን እንደሆነ ገባችሁ አይደል?

ስመለስ ነጯ ሚኒባሳችን ኩፍኝ ወጥቶባታል! ከአፍንጫዋ እስከ ጀርባዋ ደቃቅ ቡኒ ነጠብጣብ። ስነካት እንደ ብርጭቆ ወረቀት ትሻክራለች።

ነጩ ቀለም ብቻ ቢሆን እንደዚያ አልደነግጥም ነበር። የኋላው በር ነው ጉዱ። እዚያ ላይ አያቴ በቀይ የጻፈችው አለ፦ «ቀስ እያልኩ እደርሳለሁ»። አያቴ ዕድሜ ልኳን የሱቅ ሰሌዳ ስትጽፍ የኖረች ሴት ናት። እናቴ የተማሪ ሰርቪስ ስትጀምር ይሄን ጻፈችላት፤ ከዚያ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረና ብሩሾቿን ጠቅልላ አስቀመጠች። የመጨረሻ ጽሑፏ ነው። ከጠፋ ጠፋ።

ችኩሌ ቲነር የነከረ ጨርቅ ይዞ እየሮጠ መጣ። «ዞር በይ፣ ሳይደርቅ ልጥረገው!»

እኔ በጀርባዬ በሩ ላይ ልጥፍ አልኩ። «አጎቴ ሙት አልነሳም! ጽሑፉንም ይዞት ይሄዳል!»

«ታዲያ እማ ስትመጣ ምን ልበላት?»

አያቴና እናቴ ለአያቴ ዓይን ምርመራ በእግራቸው ሐኪም ቤት ሄደዋል፤ ከምሳ በኋላ ይመለሳሉ። እያለቀስኩ ለአክስቴ ደወልኩ። «ማንም እንዳይነካት!» አለችኝ። «ያንን ቲነር ቀሚው፣ እምቢ ካለ እጁን እሰሪው!»

መጣች። አልጮኸችም፣ ማን ነው ያጠፋው አላለችም። መኪናዋን በደንብ አጠበቻትና ስስ ፌስታል እጇ ላይ አጥልቃ፣ ዓይኗን ጨፍና መኪናዋን ዳበሰቻት። እንደ ሐኪም!

«ዓይን ይሸወዳል፣» አለችኝ። «ፌስታል ግን እያንዳንዷን ፍሬ ይነግርሻል። ሞክሪ እስቲ፣ አንቺ ቅብጥብጥ።»

ሞከርኩ። እውነቷን ነው! በባዶ እጄ ልስልስ ያለኝ ቦታ በፌስታሉ አሸዋ ሆነ!

ከዚያ ሊጥ የምትለውን አወጣች። የሚበላ አይደለም፤ እንደ ማስቲካ የሚለጠጥ ነጭ ነገር ነው። የሳሙና ውሃ እየረጨች ታንሸራትተዋለች። መጀመሪያ ሽርርር ይላል፣ ከዚያ ድምፁ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ፣ ዝም! ዝም ሲል ጠርቷል ማለት ነው። ሊጡን ስታገላብጠው ቡኒው ሁሉ እሱ ላይ፣ መኪናዋ ላይ ምንም! እኔማ ጮህኩ።

«ጫን አድርጌ ቶሎ ልጨርሰው?» አለ ችኩሌ፣ ሊጥ ቆርሳ ሰጥታው።

«አትጫን። አንሸራትት፣ ራሱ ይለቅመዋል።»

ሁለት ደቂቃ ሳይቆይ ጣለው። አንስቶ ሊቀጥል ሲል «ወርውረው!» አለችው።

«ትንሽ አፈር እኮ ነው የነካው…»

«ያቺ ትንሽ አፈር ናት መኪናዋን የምትቧጭረው። ካፍ የወጣ አፋፍ፣ ከእጅ የወደቀ ሊጥም እንደዚያው። በቃህ፣ አንተ ውሃ አምጣ።»

የኋላው በር ላይ ስትደርስ ባቄላ የምታክል ሊጥ በጣቷ ጫፍ ያዘች። ፊደል በፊደል። ቀ ነጻች። ስ ነጻች። ተጠግቼ አያለሁ። ቡኒው ይለቃል፣ ቀዩ እንዳለ! እንዲያውም ከድሮው ደመቀ። የመጨረሻዋ ሁ ላይ ስትደርስ ግን «ውይ» አለች።

አክስቴ ውይ ስትል ሰምቼ አላውቅም።

የሁ እጅ፣ ያቺ በጎኗ የምትወጣው ትንሽ መስመር፣ ሊጡ ላይ ተለጥፋ መጣች። በሩ ላይ «እደርሳለሀ» ቀረ። ይባስ ብሎ በዚያችው ቅጽበት እናቴና አያቴ ግቢ ገቡ!

«ኪስሽ ክተቺው!» አለ ችኩሌ በሹክሹክታ።

አክስቴ ዞር ብላም አላየችው። ሊጡን በመዳፏ ይዛ ቀጥ ብላ ሄደች። «እማ፣ የሁን እጅ ነቀልኳት። እኔ ነኝ።»

«የለም!» አልኩ እያለቀስኩ። «ልብሷን የገፈፍኳት እኔ ነኝ!»

«ቀለም የነፋሁባት ደግሞ እኔ፣» አለ ችኩሌ መሬት መሬት እያየ።

አያቴ ሊጡን ተቀብላ ዓይኗ ሥር አስጠጋችው። በጥፍሯ ጫር ጫር አደረገችው። «ይቺ የኔ አይደለችም።»

«እንዴት?» አለች አክስቴ።

«እኔ እንዲህ አድርጌ አላወፍርም። የኔ ቀለም ቢሆን በሊጥ አይነሳም፤ ሌሎቹ ንቅንቅ አሉ? ይሄ የጥፍር ቀለም ነው!»

ሁላችንም ወደ እናቴ ዞርን። እናቴ ከጽሑፉ በላይ ቀላች።

«ምሰሶ ነው…» አለች። «ወደ ኋላ ስነዳ ላጠው፣ እኔም በጥፍር ቀለሜ ሞላሁት። ሦስት ዓመቱ ነው። እንዴት ብዬ ልንገርሽ?»

«ሦስት ዓመት ሙሉ ሁዬን በሰው እጅ ታስኬጃታለሽ!» አያቴ ሚኒባሷን ተደግፋ ሳቀች፣ ሳቀች፣ እኛም መሬት ላይ ቁጭ አልን። ከዚያ መዳፏን በጽሑፉ ላይ አሳለፈች፤ ቀስ ብላ፣ ከመጀመሪያው ፊደል ጀምራ። ሁሉም አለ። የአክስቴን ጉንጭ ሳመች።

«ብሩሼንና ቀዩን ቀለም አምጡልኝ።»

«እማ፣ እጅሽ እኮ…» አለች እናቴ።

«ይንቀጥቀጣ!»

አክስቴ ቦታውን አድርቃ ዳበሰችና «ንጹህ ነው፣ ጻፊ» አለቻት። አያቴ የግራ እጇን ጨብጣ በሩ ላይ አስደገፈች፣ ቀኟን እሱ ላይ አሳረፈች፣ ተነፈሰች፣ ሳበች። መስመሯ እንደ ትል ተወዛወዘች። ግን ሁ ሁ ሆነች!

አያቴ አንገቷን ዘመም አድርጋ አየቻት። «ተጣመመች።»

«ሳትደርቅ ልጥረጋትና ደግመሽ ሞክሪ?» አለች አክስቴ።

«እስቲ ንኪያትና!»